ሚካኤል ያጠበው ምንጭ

ከባሕር ዳር

ለነሐሴ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንገዱ ተከፍቷል የሚል ወሬ ሰማሁና ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም ተነሣሁ። በዚህ ጊዜ በእኛ በኩል «መንገዱ ተከፍቷል» የሚለው ወሬ ብዙ አይቆይም፤ የሰማ ቶሎ ይነሣል፣ ያመነታ ይቀራል። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ለስንቅ አልተቸገርኩም። ቆሎና የተቀቀለ ድንች ቋጠርኩ፣ ውዳሴ ማርያሜን ያዝኩ። ከአንድ ጤና ጣቢያ የተዋስኩትን የክትባት ማመላለሻ ሣጥን በትከሻዬ አንግቼ፣ አማትቤ ከቤቴ ወጣሁ።

ቤቴ ስል የተከራየሁትን አንድ ክፍል ማለቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፤ ባሕር ዳር ያመጣኝ የማስተማር ሥራ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር «ከእንቁራሪትና ከእናትሽ ማን ይበልጥብሻል?» ትለኛለች። ቀልድ ታስመስለዋለች እንጂ ቀልድ አይደለም።

የማጠናው እንቁራሪት ነው። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ ከምትተነፍሰውም ብዙውን በዚያው በቆዳዋ ትተነፍሳለች። ውሃው ውስጥ የገባ ነገር ወደ እሷም ይገባል፤ የሚያግደው የለም። ችግር ሲደርስባት እንደ እኛው ሰውነቷ የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ካጠራቀመችው ስብና ስኳር ጉልበት አውጥቶ ዘላ እንድታመልጥ ይረዳታል፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ያድናታል። ማምለጫ ካጣችና ችግሩ ከቆየ ግን ያው ያዳናት ነገር መልሶ እሷኑ ይበላታል። ምግብ ትተዋለች፣ እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ትንሹ በሽታ ይጥላታል። ጭራ ያላቸው ግልገሎቿም ውሃው ሲከፋባቸው ለመውጣት ይጣደፋሉ፤ ሳይጠነክሩ እግር ያወጡና ከሲታና ትንንሽ ሆነው ደረቁ ላይ ይወጣሉ።

ሆርሞኑን ለመለካት እንስሳዋን መውጋት አያስፈልግም። ንጹሕ ውሃ ባለበት ኩባያ ውስጥ ጥቂት አቆያትና እለቃታለሁ፤ ከቆዳዋና ከሽንቷ የወጣው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ውሃውን በበረዶ ይዤ ባሕር ዳር እለካዋለሁ። በዚህ ክረምት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ካለ አንድ የገጠር ምንጭ ሁለት ጊዜ ወስጄ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ እንቁራሪቶቹ የተረጋጉ ነበሩ፤ በሁለተኛው ሞት አፋፍ ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር። ምንጩ ያው ምንጭ፣ እጁም ያው የእኔ እጅ ነው። ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ምንጩ ላይ መጥቶ የሚሄድ አንድ ነገር አለ። የተነሣሁት የትኛው እንደሆነ ለማየት ነው። የመንደሩን ስም ግን አልጽፍም፤ ሰዎቹ በእንግድነት የተቀበሉኝ ናቸው።

የአስፋልቱ መንገድ

የሚኒባሱ ዋጋ ካለፈው ጉዞዬ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ፤ የተከራከረ ሰው አልነበረም። መራዊን አልፈን ዱርቤቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር፤ ሆኖም ከከብቱና ከእህሉ ይልቅ ባዶው ሜዳ ይበዛል። ከዚያ ወዲያ በቆሎው የሰው ቁመት አልፏል። ከመንገዱ ዳር አንድ ትምህርት ቤት አየሁ፤ አረሙ እስከ መስኮቱ ደርሷል፣ ውስጡ ፍየሎች ዝናብ ይጠለላሉ።

ዳንግላ ሳንደርስ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ወጣት ሣጥኔን ሲያይ ራቅ ብሎ እንድከፍተው አዘዘኝ።

«ባዶ ጠርሙስ ነው» አልኩት።

«በክትባት ሣጥን ባዶ ጠርሙስ?»

«የእንቁራሪት ውሃ ልይዝበት ነው። ሲጨንቃት ከሰውነቷ የሚወጣውን ነገር እለካለሁ።»

ወጣቱ ጠጋ ብሎ ጠርሙሶቹን ቆጠረ። ከኋላዬ የቆሙ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «መቼም የሰውን ጭንቀት ለክተው ጨርሰዋል፤ ወደ እንቁራሪቷ አለፉ» አሉ። ሰልፉ ሳቀ፤ ፈታሹም ሳቀና አሳለፈኝ።  ሽማግሌው እንጅባራ ላይ ሲወርዱ «አትቀየሚኝ ልጄ፣ አፌ ነው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። 

ቡሬ ላይ መኪና ቀየርን። የነቀምቴው መንገድ መገንጠያ ላይ የጭነት መኪኖች ሸራቸውን እንደለበሱ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ ከመኪኖቹ ሥር ካርታ ይጫወታሉ፣ ባጃጆች በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለ ሱቅ የአረም መድኃኒት ከትልቅ ጀሪካን ወደ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳ ይሸጣል። ምልክትም ጽሑፍም የለውም። ገበሬው «መድኃኒት» ነው የሚለው፤ ሻጩም እንዲሁ። የገዛው ሰው ፕላስቲኩን ከጨውና ከክብሪት ጋር በአንድ ዘንቢል ከቶ ሄደ።

ፍኖተ ሰላም

የመጀመሪያውን ሌሊት ፍኖተ ሰላም አደርኩ፤ በረዶ የማገኘው እዚያ ነው። ወይዘሮ ዘሐራ ከገበያው ዳር ሱቅ አላቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። መብራት ሲጠፋ የሚያስነሡት ጀነሬተርና ትልቅ ማቀዝቀዣ ስላላቸው፣ ስሄድ በረዶ ይሸጡልኛል፣ ስመለስ ጠርሙሶቼን ያሳድሩልኛል።

«ዕድልሽ ነው፤ በእናንተ ጾም ሥጋ የሚያሳድርብኝ ስለሌለ ባዶ ነው» አሉ ክዳኑን እያነሡ። «በፋሲካ ብትመጪ እንቁራሪትሽን ከዶሮ ጋር ነበር የማስተኛት።»

እንቁራሪቷን ሳይሆን ውሃዋን ነው የማመጣው አልኳቸው።

«እሱማ የባሰ ነው።»

ወዴት እንደምሄድ ሲሰሙ ግን ቀልዱን ተዉት። በዚያ በኩል ባለፈው ሳምንት ተኩስ እንደነበረ ነገሩኝና፣ ሥራዬን ጨርሼ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ መከሩኝ። «አላህ ያግባሽ፣ አላህ ይመልስሽ» ብለው እስከ ደጃፍ ሸኙኝ።

የሚካኤል ዋዜማ

በማግሥቱ ወደ ቡሬ የሚመለስ ሚኒባስ መንገድ ላይ አወረደኝና ጭቃውን እያቦካሁ ዳገቱን ወጣሁ። ያረፍኩት እንዳለፈው ጊዜ ከእትዬ ስንዱ ቤት ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዱ ልጃቸው ለቀን ሥራ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። አብራቸው ያለችው የልጃቸው ሚስት ብርቄ ናት። ብርቄን ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ሦስተኛውን ይዛ ወሯ ገብቷል፤ ስትቀመጥም ስትነሣም እትዬ ስንዱ በዓይናቸው ይከተሏታል።

ምንጩ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነው። በድንጋይ የተከበበ ኩሬ አለው፤ መንደሩ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ያን ቀን እንቁራሪቶቹ ደኅና ነበሩ። ገና እጄን ስዘረጋ ይዘላሉ፤ በጀርባ ሳስተኛቸው ወዲያው ይገለበጣሉ። ናሙናዬን ወሰድኩ። ከጋራው ማዶ ካለ ረግረግም ለማነጻጸሪያ ወሰድኩ፤ እነዚያም እንዲሁ ናቸው። ተሳስቼ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ማታ የዕለቱን ጾም ፈትተን የተልባ ፍትፍት ስንበላ፣ እትዬ ስንዱ ፊታቸው ፈካ ያለ መሰለኝ። ምን እንዳስደሰታቸው ብጠይቃቸው፣ ነገ ሚካኤል መሆኑን፣ ከነገ ወዲያ ጧት ደግሞ ብርቄ የታጠበውን ውሃ እንደምትጠጣ ነገሩኝ። የታጠበ ውሃ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሲያብራሩልኝ፣ ክረምት ከገባ በየወሩ በሚካኤል ማግሥት ምንጩ ውስጥ ያለው እንቁራሪት ሁሉ ሞቶ ተንሳፍፎ ያድራል፤ መልአኩ ምንጩን ስላጠበው ነው። የፈርዖን አገር የተቀጣበትን ርኩስ ነገር ከመንደሩ ያወጣል። ያን ጧት ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ብርቄ ሰኔም ሐምሌም ጠጥታለች።

«ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

«የለም፣ ካቻምና ነው የጀመረ። መከራው ሲበዛብን አሰበና።»

እኔም የሚካኤልን ዝክር የምዘክር ሰው ነኝ። በመልአክ ሥራ ላይ የምናገረው ነገር አልነበረኝም። ግን ሐምሌ ላይ ናሙና የወሰድኩበትን ቀን በልቤ ቆጠርኩ፤ የሚካኤል ማግሥት ነበር፤ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ስለነበር የሞቱትን አላየሁም። ጉርሻውን መልሼ አስቀመጥኩት።

የበዓሉ ጧት

የፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው ረፈድ ብሎ ነው። ጧት ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ከምንጩ በላይ ካለች የዋንዛ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ ወንዶች የመርጫ ታንክ በጀርባቸው አዝለው ከጤፉና ከስንዴው መካከል ወጡ። ሁሉም ወደ ምንጩ መጡ።

አንዱን ሰላም ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳይደብቅ ነገረኝ። ጎረምሳው ሁሉ ወጥቶ አልቋል፤ በእጅ የሚያርም የለም። በሥራ ቀን እርሻ አለ፣ ኩትኳቶ አለ፣ ጊዜ አይገኝም። በበዓል ደግሞ መኮትኮትም አረም መንቀልም ነውር ነው። ቄሱን ቢጠይቋቸው፣ እየሄደ የሚረጭ ሰው መሬት አልቆፈረም፣ በዓል አልሻረም አሏቸው። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ርጭቱን ለሚካኤል ያቆየዋል። ሲጨርሱ ታንኩንም፣ እጅና እግራቸውንም በምንጩ ይታጠባሉ። ለምን እዚህ ብዬ ስጠይቀው ገረመው።

«ከነመድኃኒቱ ቤተ ክርስቲያን ልግባ?»

ለንጽሕና ነው ማለት ነው። ዓይኔ እያየ ታንኮቹ ሲገለበጡ የኩሬው ውሃ ነጭ ሆነ፣ የኑግ ጭማቂ መሰለ፤ ቆይቶም ጠራ። ሰው እኮ ይጠጣዋል ስለው፣ መድኃኒቱ የአረም እንጂ የሰው አይደለም አለኝ። ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴው ሄደ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ቆሜ አስቀደስኩ፤ ምን እንዳስቀደስኩ ግን እግዜር ይወቀው።

ማግሥት

እንቁራሪቶቹን ሳላይ ማታ ለመናገር አልደፈርኩም፤ ጎህ ሲቀድ ምንጩ ዳር ስደርስ ሴቶቹ ቀድመውኛል። እንቁራሪቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ያልሞቱት ቆዳቸው ገርጥቶ እንደ ርጥብ ወረቀት ይላጣል፣ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ልጃገረዶች በቅጠል እየጠረጉ ያወጧቸዋል፤ አንዲት እናት ቀስ ብላ እልል አለች። ብርቄ ቅሉን ሞልታ ይዛለች።

«አትጠጪ» አልኳት።

እትዬ ስንዱ ዞሩ። ትናንት ያየሁትን ባጭሩ ነገርኳቸው።

«ሚካኤል ያጠበውን አንቺ ታረክሽው?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸት የባሰ።

«ከእርስዎ ጋር አልከራከርም እትዬ። አባ እስኪጠየቁ ድረስ ብቻ ትቆይ።»

ብርቄ እኔንም አማቷንም አየች፤ ቅሉ በእጇ እንዳለ። እትዬ ስንዱ ሆዷን አዩት። ቅሉን ተቀብለው መሬት አስቀመጡት። «ይጠየቁ» አሉ።

ቄስ አስማማው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ባለች ጎጆ ሱባኤ ገብተው ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አስቀድመው የክርስትና ስሜን ጠየቁኝና ወለተ ኪዳን አልኳቸው። ሁለት ሳሕን ይዤ ነበር፤ በአንዱ ከጋራው ማዶ የመጣች እንቁራሪት፣ በሌላው የምንጩ። ሳሕኖቹን ከቅጥሩ ውጭ አስቀምጬ፣ ሁለቱንም በጀርባቸው ላስተኛቸውና አባ ጸሎት ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። ጊዜ የምለካበት ሌላ የሚያምኑት ነገር አልመጣልኝም።

የማዶዋ በስመ አብ ተብሎ ሳያልቅ ተገለበጠች። የምንጩዋ አባታችን ሆይ ተጀምሮ እስኪያልቅ በጀርባዋ ቀረች። እግሯን ታነሣለች፣ ይወድቃል። ቄሱ ጸሎቱን ደገሙት። አልተነሣችም።

ከዚያ የርጭቱን፣ የእጥበቱን፣ ቀኑን ነገርኳቸው። ርጭቱን የፈቀዱት ለበዓሉ አስበው እንደሆነ፣ ታንኩ የት እንደሚታጠብ ግን ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ብዙ ጊዜ ሳሕኑን አዩ።

«የገደልነው እኛ ነን፤ ምስጋናውን ለመልአኩ ሰጠን» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ወለተ ኪዳን፣ ኃጢአቱንም ለእሱ ሰጥተን ነበር ማለት ነው።»

መስቀላቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ። በሴቶቹ ፊት፣ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ምንጩ ዳር መርጫ ይዞ የተገኘ የተወገዘ ይሁን አሉ። ውሃው እስኪጠራ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሥር የዝናብ ውሃ እንዲጠራቀም፣ ሌላው ከወንዙ እንዲቀዳ አዘዙ። ወንዙ ቁልቁለቱን ወርዶ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው፤ ተኩሱ የነበረውም እዚያው ነው። ሴቶቹ አልተቃወሙም፤ ጀሪካናቸውን አነሡ።

«የወንዙስ ውሃ ደኅና ነው?» አለችኝ አንዷ ስታልፍ።

አልለካሁትም አልኳት። 

መመለሻ

ፍኖተ ሰላም ላይ መንገዱ ተዘጋና ከወይዘሮ ዘሐራ ጋር ቆየሁ። የዋዜማውና የማግሥቱ ናሙና ያለባቸው ጠርሙሶቼ በማቀዝቀዣቸው አደሩ። ምን እንዳገኘሁ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ አልቀለዱም። ሲከፈት እንደመጣሁበት ተመለስኩ። ባሕር ዳር የለካሁት፣ ዓይኔ ያየውን ነው የነገረኝ፤ በዋዜማው የተረጋጋ ሰውነት በማግሥቱ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ፣ የሚሸሽበት አጥቶ እዚያው ተቃጥሏል። ክፉ ውሃ መሆኑን መናገር እችላለሁ። ሌላ ውሃ መስጠት አልችልም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሁለተኛ ምንጭ ሳይኖር የመጀመሪያውን ክፉ ማለት፣ እውነትም ቢሆን፣ ግማሽ ምጽዋት ነው።

በዚያ በኩል ተቋርጦ የነበረው ስልክ የተከፈተው ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው። ቄስ አስማማው ደወሉ። ምንጩ ዳር ታንክ የሚያጥብ የለም አሉ። ብርቄ ወልዳለች፤ ወንድ ነበር። እስከ ማታ አልቆየም።

መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። የሚካኤልን ውሃ ስለከለከሏት ነው የሚሉ አሉ፤ ሰኔና ሐምሌ በጠጣችው ነው የሚሉም አሉ። «እንቁራሪቷ ምን ትላለች?» አሉኝ ቄሱ። ፌዝ አልነበረም።

«ቆዳዋ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው የምትለው፣ አባቴ። ስለ ልጁ አታውቅም። እኔም አላውቅም።»

 ከዚያ የስልኩ ድምፅ ተንኮሻኮሸና እትዬ ስንዱ ተቀበሉ። እግዜር ያጽናዎት አልኳቸው። አሜን አላሉኝም።

«ባትመጪ ኖሮ የምጣላው ከሚካኤል ጋር ነበር» አሉ። «አሁን የተጣላሁት ካንቺ ነው። ካንቺ መጣላት ይሻለኛል።»

«ይሻላል እትዬ» አልኳቸው።